ውሃው በራሱ ይወርዳል

«እኔማ ምን ሥራ አለኝ፤ ውሃው እንደሆን በራሱ ይወርዳል። አላህ ያወርደዋል» አለች ዑምኩልሱም፣ ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳብ አድርጋ።

ከላይ የመጣው የምዘና ቡድን ሰብሳቢ አቶ ታረቀኝ በትህትና ራሱን ነቀነቀ። ከዚያም ወደ ቃለ ጉባኤ ያዡ ዞሮ «ጻፍ» አለ፤ «ውሃው በራሱ ይወርዳል።»

የጠረጴዛው ጫፍ ላይ የተቀመጠችው ፋሲካ ደሟ ወደ ጆሮዋ ሲወጣ ተሰማት። ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ሰብሳቢው ግን እጁን አንስቶ ዝም አሰኛትና «ቀጣዩ ይግባ» አለ። አለቀ። አሥር ዓመት ያለፈው የአንዲት ሴት ድካም ሻይ ተቀድቶ እስኪቀዘቅዝ በማይፈጅ ጊዜ ውስጥ ተመዘነና ተጣለ።

ጨፌ ገበያ ከውጫሌ ወደ ሐይቅ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከአምባሰል ግርጌ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። በዚያ ሰሞን በማዘጋጃ ቤቷ ውስጥ ከምዘናው ሌላ ወሬ አልነበረም። የእያንዳንዱ ሠራተኛ ሥራ እንደ አዲስ ይመዘናል፤ እውቀቱ፣ ኃላፊነቱ፣ ውሳኔ ሰጪነቱ፣ ድካሙ ነጥብ ይሰጠዋል፤ ደረጃውም ደሞዙም በነጥቡ ይወሰናል ተባለ። ወረቀቱ ላይ ሲነበብ ፍትሕ ይመስላል። ፋሲካም የማዘጋጃ ቤቱ የሰው ሀብት ባለሙያና የምዘና ቡድኑ አባል ስለሆነች መጀመሪያ ላይ ከማንም በላይ ደስ ብሏት ነበር። ከግሸን ሥር ካለ የገበሬ ቤት ወጥታ፣ ተምራ፣ በማዕረግ ተመርቃ የመጣች፣ ምላሷ እንደ አዲስ ምላጭ የሆነ ሴት ናት። ከተማው «ፋሲካ ስትቆጣ ጾም ይገባል» ይልባታል።

ዑምኩልሱም በመዝገብ «የውሃ መስመር ጥበቃ» ናት። ስሟ ጥበቃ ይሁን እንጂ ዱላ ይዛ የምትጠብቀው ነገር የለም። ኮረብታው ላይ ያለውን የውሃ ማጠራቀሚያ የምትከፍተውም የምትዘጋውም እሷ ናት፤ ለየሰፈሩ በፈረቃ የምታዳርሰውም እሷ ናት። ቧንቧ ሲፈነዳ ቦዩ ውስጥ የምትገባው እሷ ናት፤ ቦኖ ላይ ጄሪካን ለጄሪካን ሲጋጭና ሴቶች ፀጉር ለፀጉር ሲያያዙ መሃል የምትገባውም እሷ። ኦፕሬተር የሚባለው ሰው ከዓመታት በፊት ወደ ሐይቅ ተዛውሮ ሄደ፤ ሥራውን ለእሷ ተወላት፤ ደሞዙን ግን ይዞት ሄደ።

ታዲያ ለምን አልተናገረችም? ለሌላ አገር ሰው መልሷ ወይ ስንፍና ወይ ሞኝነት ይመስላል። ለጨፌ ገበያ ሰው ግን ወግ ነው። እዚህ አገር ሰው ስለ ራሱ ሥራ አፉን ሞልቶ አይናገርም። ቀኑን ሙሉ ሲያርስ የዋለ ገበሬ «ምን ሠራህ?» ቢሉት «ኧረ ምን ተሠራ፤ ዝም ብለን ዋልን» ይላል። ቪላ የሠራ «ጎጆ ቢጤ ቀለስን» ይላል። የራሱን ሥራ እየቆጠረ የሚናገር ወይ የሚሸጠው ነገር አለው ወይ ለምርጫ ሊቀርብ ነው። የሰው ሥራ የሚነገረው በሌላ ሰው አፍ ነው፤ ያውም ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ከሞተ በኋላ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም አንድ ላይ የሚቀባበርበት ቅሬ ተሰብስቦ ልቅሶ ሲቀመጥ። ያኔ «ደጉ፣ ቸሩ፣ የሰፈሩ ምሰሶ» ይባላል። ሟች ግን አይሰማም፤ ደረጃም አይወጣለትም።

በዚያ ቀን ከዑምኩልሱም ቀጥሎ የገባው የጽዳት ሠራተኛ «ያው ንፋሱም ይጠርገዋል» አለ። የቄራው ሰው «ከብቱ ራሱ ይተኛል» ሊል ምንም አልቀረው። አንድ ከተማ ሙሉ ሰው በጨዋነቱ ራሱን ሲቀብር ዋለ፤ አቶ ታረቀኝም እያንዳንዱን አፈር አስመዘገበ።

ከሰዓት በኋላ ፋሲካ ጫማዋን በእጇ ይዛ ኮረብታውን ወጣች። ዑምኩልሱም የቫልቩ ጉድጓድ ውስጥ ወገቧ ድረስ ገብታ፣ መክፈቻውን በሁለት እጇ ይዛ በጥቂት በጥቂቱ ታዞረዋለች። ታዞርና ጆሮዋን ቧንቧው ላይ ትለጥፋለች፤ ትጠብቃለች፤ ደግሞ ታዞራለች።

«እታለም፣ አብደሻል?» አለች ፋሲካ ገና ሳትደርስ።

«እንዴት ዋልሽ አይቀድምም ልጄ?»

«እንዴት ልዋል! በራሱ ይወርዳል ብለሽ አጻፍሽ እኮ!»

«ታዲያ እኔ ነኝ የማዘንበው?» ዑምኩልሱም ከጉድጓዱ ቀና ብላ ሳቀች። «ኩራት ሀራም ነው ፋሲዬ።»

«ኩራት አይደለም! ሥራሽን ንገሪን ነው ያሉሽ።»

«ያ ሁሉ ወንድ በተቀመጠበት ራሴን ላመስግን? ሰው ምን ይለኛል? ‹ዑምኩልሱም ውሃውን የፈጠረችው መሰላት› አይለኝም? ደግሞ የማያውቅ አለ እንዴ? አንቺ ታውቂያለሽ፣ ሥራ አስኪያጁ ያውቃል፣ ከተማው ያውቃል።»

«ወረቀቱ አያውቅም!» ፋሲካ ድንጋይ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። «ስሚኝ። ጥበቃ ተብለሽ ከተመዘንሽ የሥራ መደቡ ይታጠፋል። ጥበቃ ከእንግዲህ በኤጀንሲ ነው የሚሸፈነው። ቋሚነትሽም ጡረታሽም ይቀራል። ኦፕሬተር ከተባልሽ ግን ደሞዝሽ ይስተካከላል። ገባሽ?»

ዑምኩልሱም መክፈቻውን ለቀቀች። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ላይ ጥላ አለፈ። ሀያ የምትባለው ልጇ ጅዳ ውስጥ የሰው ቤት ታጸዳለች፤ ሁለቱን ወንድሞቿን የምታስተምረው እሷ ናት። ይህ ምዘና መጣ ሲባል ዑምኩልሱም በኢሞ «ደረጃዬ ከወጣ ነይልኝ፤ ከዚያ በኋላ የሰው ደጅ አትጠርጊም» ብላት ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሀያ ማታ ማታ የምትልከው ድምፅ አንድ ብቻ ሆኗል፦ «እማ፣ ወጣ?»

«ነገ አትክፈቺው» አለች ፋሲካ ድንገት። ቁጣዋ መንገድ ያገኘ መሰላት። «በራሱ ይወርዳል ተብሎ ተጽፏል አይደል? እስቲ ይውረድ! አንቺ ዱላ ይዘሽ እዚህ ቁጭ በይ፤ ጥበቃ ነሽ። እነሱም በደረቅ ጉሮሮ ይመዝኑን።»

«ውሃ ልከለክል?»

«አዎ!»

«አይሆንም።»

«ለምን አይሆንም?»

«ከሰውዬው ጋር ነው እንጂ ከውሃ ጋር ምን ጠብ አለኝ? ውሃ የከለከለ ነገ አላህ ፊት ምን ይላል?» መክፈቻውን መልሳ አነሳች። «ደግሞ ነገ ለታች ሰፈር ነው የምለቀው። ልቅሶ አለባቸው፤ የመምሬ ቤት።»

«ነገ የታች ሰፈር ፈረቃ ነው እንዴ?»

«ልቅሶ ፈረቃ አለው?» አለች ዑምኩልሱም። «ለቀስተኛ ከየአገሩ ይመጣል፤ በምን ያበስላሉ? ላይ ሰፈር ያሉትን ለምኛቸዋለሁ፤ እሺ ብለዋል። ባይሉም እለቀው ነበር።»

ፋሲካ የምዘናው ወረቀት ትዝ አላት። እዚያ ላይ «ውሳኔ መስጠት» የሚል ረድፍ አለ፤ ከትይዩው «የለም» ተብሎ ተጽፏል። ሰማንያ አባወራ የሚያበስልበትን ውሃ ከአንዱ ወስዶ ለሌላው መስጠት፣ የተሰጠውንም የተወሰደበትንም አስማምቶ ማደር «የለም» ነው። አቶ ታረቀኝ መኪናውን የት እንደሚያቆም መወሰኑ ግን ነጥብ አለው።

«ሰኞ ቅሬታ ይሰማል» አለች እየተነሣች። «ትመጫለሽ። ትናገሪያለሽ።»

«እመጣለሁ» አለች ዑምኩልሱም። ሁለተኛውን ሳትመልስ ጆሮዋን ቧንቧው ላይ ለጠፈች።

ሰኞ ጠዋት የማዘጋጃ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ዘይኑልአቢዲን ፋሲካን በረንዳ ላይ ጠበቃት። መልካም ሰው ነው፤ ክፉ ነገር ማየት ስለማይወድ ክፉ ነገር ሲመጣ ዓይኑን ይጨፍናል።

«ፋሲካ፣ የሰው ሀብት ቡድን መሪነቱ ወንበር ያንቺ ነው። ዛሬ ፈርመሽ ውጪ፤ ነገ ትቀመጪበታለሽ። አፍሽን ብቻ ያዢልኝ።»

«አፌን ይዤ በምን ልምራው? በእጄ?»

«ኧረ በአላህ! ተንሳፋፊ ያደርጉሻል፤ ያለ ሥራ መደብ ትቀሪያለሽ።»

«መንሳፈፍ ከመስጠም ይሻላል» ብላው ገባች።

አዳራሹ ሞልቷል። ሠራተኛው ብቻ ሳይሆን የሰፈሩም ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ከፊት ለፊታቸው የቅሬው ዳኛ ጋሽ ጁማ ከዘራቸውን በሁለት ጉልበታቸው መካከል አቁመው ተቀምጠዋል። አቶ ታረቀኝ መነጽሩን ጠረገና ወደ ዑምኩልሱም ተመለከተ።

«እህቴ፣ ቅሬታ አስገብተዋል። ሥራዎ ምንድን ነው? ዘርዝረው ይንገሩን።»

ዑምኩልሱም ተነሣች። ሻሿን ሳብ አደረገች። ጎረቤቶቿን አየች፤ ጋሽ ጁማን አየች፤ መሬቱን አየች።

«ያው ነው እንግዲህ» አለች። «ውሃው ይወርዳል።»

ከኋላ አንዱ ሳቀ፤ ሌላው «ዋ!» ብሎ አፉን ያዘ። ፋሲካ ዓይኗን ጨፈነች።

«እኔ ልናገርላት» አሉ ጋሽ ጁማ ከዘራቸውን መሬት መትተው። «ይቺ ልጅ በክረምት ጎርፉ መስመሩን ሲበጥሰው...»

«አባቴ፣ ይቅርታ» አለ ታረቀኝ። «መመሪያው የሚቀበለው የሥራ መደቡን ባለቤት ቃል ብቻ ነው። የሌላ ሰው ምስክርነት አይያዝም።»

«እኛ ዘንድ ደግሞ የማይታመነው የባለቤቱ ቃል ነው» አሉ ጋሽ ጁማ። «ራሱን ከሚያመሰግን ሰው በሬ እንኳ አንገዛም።»

አዳራሹ ሳቀ። ታረቀኝ አልሳቀም። «ባለቤቷ ተጠይቃለች፤ መልሳለች። ውጤቱ ይጸናል። አባላት ፈርሙ» ብሎ ወረቀቱን ገፋው። ሁለቱ አባላት ፈረሙ። ወረቀቱ ፋሲካ ዘንድ ደረሰ።

«አልፈርምም።»

«ምን?»

«አልፈርምም አልኩ!» ብድግ ስትል ወንበሯ ከኋላዋ ወደቀ። «ይህ ምዘና አይደለም። ጮኾ የተናገረ ሥራ አለው፤ አንገቱን የደፋ ሥራ የለውም ብላችሁ ነው የመጣችሁት። ጨዋነትን በነጥብ ቀጣችሁት! ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ‹አስተባብራለሁ፣ እመራለሁ፣ እከታተላለሁ› ብሎ ገጽ የሞላው ሁሉ ደረጃው ወጣለት። ምን እንዳስተባበረ የጠየቀው አለ? ይቺን ሴት ግን ኮረብታው ላይ ወጥታችሁ ሳታዩ፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር ይዛችሁ ልትጥሏት ነው። ጠዋት ፊታችሁን በምን ታጠባችሁ? በራሱ የወረደ ነው? የሰው ሥራ እስኪነገርለት የግድ መሞት አለበት? እንቅበራትና እንመዝናት?»

ግድግዳ የተደገፈው ሰው አጉረመረመ። ታረቀኝ ቀላ። እስካሁን «እርስዎ» ሲል የነበረ አንደበቱ በአንድ ጊዜ ተቀየረ።

«አንቺ ማን ስለሆንሽ ነው ለእኔ የምትናገሪው? ለቡድን መሪነት ታጭተሻል አይደል? ጥሩ። ቃለ ጉባኤው ላይ ይያዝ፦ ወይዘሪት ፋሲካ ሥራዋን በአግባቡ የማትወጣ፣ ለቦታው የማትመጥን ናት። የምትቃወሚ ከሆነ አሁኑኑ ንገሪን፤ ለዚህ ማዘጋጃ ቤት ምን ሠርተሻል? ዘርዝሪ!»

ፋሲካ አፏን ከፈተች።

ያ እንደ ምላጭ የሚቆርጠው ምላሷ የት ገባ? ለዑምኩልሱም፣ ለጽዳቱ ሠራተኛ፣ ለቄራው ሰው ቢሆን እስኪመሽ ትናገራለች። ለራሷ ግን አንድ ቃል አልመጣላትም። እናቷ ከግሸን ሥር ሆና «ልጄ፣ ‹እኔ እኔ› አትበይ፤ ሰው ይበልሽ» ስትላት ሰማች። ያደጉበት ወግ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ይህን አይፍቅም። ከንዴቷ ብዛት ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ እሱም ይበልጥ አናደዳት።

«አየሽ» አለ ታረቀኝ።

«እኔ እመሰክርላታለሁ» አለ አንድ ድምፅ።

ዑምኩልሱም ቆማለች። መሬቱን እያየች አይደለም።

«እርስዎ ቅሬታዎ ተዘግቷል፤ ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም። የእሷ አልተዘጋም።»

«እህቴ፣ እርስዎ የጥበቃ ሠራተኛ ነዎት። ጥበቃ ስለ ባለሙያ ሥራ ምን ያውቃል? ምስክርነት ለመስጠት እርስዎ ማን ነዎት?»

ይህን ባይጠይቅ ይሻለው ነበር። በቅሬ ምስክር ሲቆም መጀመሪያ ማን እንደሆነ፣ ከየት ሆኖ እንዳየ ይናገራል፤ ያን ካልተናገረ ቃሉ አይያዝም። መናገሩም ኩራት አይባልም፤ ግዴታ ነው። ዑምኩልሱም በዚህ ሕግ ያደገች ናት።

«ማን ነሽ ነው ያልከኝ?» አለች። ድምፅዋ ቦኖ ላይ ጠብ የምትገላግልበት ድምፅ ሆነ። «ልንገርህ። ወላሂ ዘበኛ አይደለሁም! የጨፌ ገበያን ውሃ የምከፍት የምዘጋ እኔ ነኝ። ቀስ ብዬ ካልከፈትኩት አየሩ ቧንቧውን ይበረግደዋል፤ የከተማው ግማሽ ይጠማል። ያ ሐይቅ የሄደው ኦፕሬተር ትቶት የሄደውን መስመር በገዛ እጄ ቀጥያለሁ። ጎርፍ ሲበጥሰው አንገቴ ድረስ ጭቃ ገብቼ የያዝኩት እኔ ነኝ፤ እጄ የተሰበረውም እዚያው ነው፤ ይኸው እየው!» የተጣመመ አንጓዋን አነሳች። «ለማን በየትኛው ቀን ውሃ እንደሚለቀቅ የምወስን እኔ ነኝ። ልቅሶ ሲሆን፣ ረመዳን ሲገባ፣ የግሸን ማርያም መንገደኛ ሲያልፍ ፈረቃውን የማዞር እኔ ነኝ። ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ዱላ ሲማዘዙ ያስታረቅኩ እኔ ነኝ። እንግዲህ ማን እንደሆንኩ ይህ ነው። አሁን ምስክርነቴን ስማ!»

«ይቺ ልጅ» አለች ወደ ፋሲካ እየጠቆመች፣ «እጄ ሲሰበር ‹በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ነው› ብላ ቢሮ ለቢሮ ተጣልታ ያሳከመችኝ ናት። የድሮው የቄራ ሠራተኛ ሲሞት ለልጆቹ ጡረታ ያስወጣችው በምላሷ ነው። ሐምሌ ላይ ደሞዛችን ሲዘገይ ሥራ አስኪያጁን ከሻይ ቤት ጎትታ ያመጣች ይቺ ናት፤ ይኸው ተቀምጧል፤ ውሸት ነው ይበል!»

ዘይኑልአቢዲን ዓይኑን ሊጨፍን ሞከረ፤ አልቻለም። «እውነት ነው» አለ በቀጭኑ።

«በቃኝ» አለች ዑምኩልሱም፤ ግን አልተቀመጠችም።

ታረቀኝ መነጽሩን አወለቀ። «እና ይህን ሁሉ ስለ ራስዎ መናገር ይችሉ ኖሯል። ለምን አስቀድመው አልተናገሩም?»

«ስለ ራሴ መች ተናገርኩ?» አለች ዑምኩልሱም ተገርማ። «ስለ ፋሲካ ነው እንጂ።»

ሳቁ ከግድግዳ ግድግዳ ሄደ። ፋሲካ ግን አልሳቀችም። ወደ ቃለ ጉባኤ ያዡ ጠረጴዛ በሁለት እርምጃ ደርሳ ነበር።

«ጻፍከው?»

«ሁሉንም» አለ ልጁ፤ ላብ ግንባሩ ላይ ችፍ ብሏል።

«አቶ ታረቀኝ፣ መመሪያው የሚለው የሥራ መደቡ ባለቤት ቃል ነው። ቃሉ ይኸው፤ በእርስዎ ጥያቄ፣ በእርስዎ ፊት፣ በእርስዎ ጸሐፊ እጅ። አልቀበልም ካሉ ደግሞ አልቀበልም ብለው ይፈርሙ፤ እኔም በልዩነት እፈርማለሁ፤ ሁለቱም ወረቀት አንድ ላይ ወደ ላይ ይሄዳል። የእኔ ጉዳይ ይቆይ። ቡድን መሪነቱን ከፈለጉ ይውሰዱት፤ በእሱ ሌላ ቀን እንጣላለን።»

ታረቀኝ ሰዉን አየ። ሰዉ አልተነሣም፤ አልጮኸም፤ የሚሄድም አይመስልም። ጋሽ ጁማ እንደ ልቅሶ ቤት እግራቸውን አጥፈው ተደላድለዋል፤ ስንቅ ቢመጣላቸው የሚያድሩ ይመስላሉ።

«እንደ አዲስ ይመዘናል» አለ በመጨረሻ፣ ቃሉን እንደ መራራ መድኃኒት ውጦ። «ዛሬ። በሥራው ቦታ።»

«እኔ ልሂድ እንግዲህ» አለች ዑምኩልሱም። «የላይ ሰፈር ፈረቃ ደርሷል፤ በራሱ አይወርድም። ልትመዝኑ ከፈለጋችሁ ተከተሉኝ፤ ዳገት ነው፤ ጫማችሁን አስቡበት።»

ግቢው ውስጥ ስልኳን ከደረቷ አውጥታ ወደ አፏ አስጠጋች። ፋሲካ ከኋላዋ እየተከተለች ሰማቻት።

«ሀያ፣ ልጄ፣ ገና አልወጣም» አለች ዑምኩልሱም። ሻሿን ሳብ አደረገች። «ግን ነገርኳቸው።»

ፋሲካ ያልተሞላ የምዘና ወረቀት ብብቷ ሥር ወሸቀች፤ ጫማዋን አወለቀች። ከኋላዋ አቶ ታረቀኝ ሱሪውን ጠቅልሎ ድንጋዩን እየመረጠ ይወጣል።

«ቶሎ ይራመዱ» አለችው ዞር ብላ። «‹ውሳኔ መስጠት› የሚለው ላይ ነው የምንጀምረው።»